ኳስን መያዝ ማጥቃት ነውን?
በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር




የተሰጠኝ ርእስ «ኳስን በመቆጣጠር ላይ የተመሠረተ የማጥቃት ስልት» የሚል ነው። ስለዚህ ጉዳይ በየሥልጠናው ብዙ ሰምተናል፤ እኛም ለተማሪዎቻችን ብዙ ብለናል። ስለዚህ የታወቀውን ደግሜ ጊዜያችሁን ከምወስድ፣ ይህንን ስልት በኮምፒዩተር ጨዋታ ላይ ለመገንባት ስሞክር የደረሰብኝን ውድቀትና ከውድቀቱ ያገኘሁትን ትምህርት ብነግራችሁ ይሻላል ብዬ አስቤአለሁ። ዕድሜውን በሜዳ ላይ የፈጀ ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ስለ መጫወቻ መናገር ምን ይሉታል የሚል ከመካከላችሁ አይጠፋም። እኔም እንደዚያው እል ነበር። ሆኖም ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ ነገሩን ከሥሩ እስካስረዳ ድረስ ትዕግሥታችሁን እለምናለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ጨዋታው ምንድን ነው?

«ፉትቦል ማኔጀር» እየተባለ የሚጠራው ጨዋታ ሰው በእጁ እየነካካ ኳስ የሚያስመታበት አይደለም። ተጫዋቹ የሚቀመጠው በአሠልጣኙ ወንበር ላይ ነው። አሰላለፍ ያወጣል፤ ለእያንዳንዱ ሰው የሥራ ድርሻ ያድላል፤ ልምምድ ያዘጋጃል፤ ተጫዋች ይገዛል፣ ይሸጣል። ግጥሚያው ሲጀመር ግን እንደ ማንኛችንም ሁሉ ከዳር ቆሞ ከመመልከት፣ ጥቂት ትእዛዝ ከመስጠትና ሰው ከመለወጥ በቀር የሚያደርገው ነገር የለም። ለእኛ ሙያ ቅርብ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

የጨዋታው መነሻ ፖልና ኦሊቨር ኮልየር የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ወንድማማቾች ሠርተውት በ1992 «ቻምፒዮንሺፕ ማኔጀር» በሚል ስም የወጣው ነው። በመጀመሪያ ጊዜ ግጥሚያው በጽሑፍ ብቻ ይተረክ ነበር። በ2003 ተጫዋቾቹ እንደ ትናንሽ ክብ ነጥቦች ሆነው በሜዳው ላይ ሲንቀሳቀሱ ከላይ መታየት ጀመሩ። በ2004 መጨረሻ ጨዋታው የዛሬውን ስም ያዘ፤ በ2008 መጨረሻ ከወጣው እትም ወዲህ ደግሞ ተጫዋቾቹ የሰው ቅርጽ ይዘው ይታያሉ። በጨዋታው ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ተጫዋች ችሎታው ከ1 እስከ 20 በሚደርስ ቁጥር ተመዝግቦ ይገኛል፤ የመጀመሪያ ንክኪው፣ ቅብብሉ፣ ውሳኔው፣ እርጋታው፣ ትጋቱና ያለ ኳስ የሚያደርገው እንቅስቃሴ ሁሉ ቁጥር አለው። ይህ መዝገብ የዋዛ አለመሆኑን ለመረዳት የእንግሊዙ ኤቨርተን ክለብ በ2008 በመዝገቡ ለመጠቀም ስምምነት ማድረጉን ማስታወስ ይበቃል።

ልቀዳው የፈለግሁት አርአያ

እኔ በጨዋታው ላይ ልገነባው የተመኘሁት ከ2008 እስከ 2012 በፔፕ ጓርዲዮላ መሪነት የተጫወተውን የባርሴሎናን ቡድን ነው። ቡድኑ በነዚህ አራት ዓመታት 14 ዋንጫዎችን አግኝቷል። ይሁን እንጂ ስልቱ በአንድ ሰው አእምሮ፣ በአንድ ሌሊት የተወለደ አልነበረም። ሃንጋሪ በ1953 በዌምብሊ ሜዳ እንግሊዝን 6 ለ 3 ስታሸንፍ፣ ናንዶር ሂዴግኩቲ ከመሐል አጥቂነት ቦታው ወደ ኋላ እየተመለሰ የእንግሊዝን ተከላካዮች ግራ አጋብቶ ሦስት ግቦችን አስቆጥሯል። ሪኑስ ሚኸልስ በአያክስ፣ ኋላም በ1974 በኔዘርላንድ ብሔራዊ ቡድን ያሳየው የቦታ መለዋወጥ የዚሁ አስተሳሰብ ተከታይ ነው። የሚኸልስ ተጫዋች የነበረው ዮሐን ክራይፍ ከ1988 እስከ 1996 ባርሴሎናን ሲያሠለጥን፣ በ1992 የአውሮጳን ዋንጫ ባገኘው ቡድኑ ውስጥ የመሐል ሜዳው ወጣት ጓርዲዮላ ነበረ። እንግዲህ ትምህርቱ ከአሠልጣኝ ወደ ተጫዋች፣ ተጫዋቹም አሠልጣኝ ሲሆን ወደ ተከታዩ ትውልድ እየተላለፈ የመጣ ነው።

ከዚህ ቡድን ግጥሚያዎች አንዱን ብቻ ላንሣ። በሜይ 2 ቀን 2009 ባርሴሎና በማድሪድ ከተማ ሪያል ማድሪድን 6 ለ 2 አሸነፈ። በዚያ ቀን ጓርዲዮላ ሊዮኔል ሜሲን ከቀኝ መስመር አንሥቶ በመሐል አሰለፈው፤ ሳሙኤል ኤቶን ወደ ቀኝ፣ ቲየሪ ኦንሪን ወደ ግራ አደረጋቸው። ሜሲ ግን በአጥቂ ቦታ አልቆመም፤ ወደ ዣቪና ወደ ኢኒየስታ እየተጠጋ ኳስ ይቀበል ነበር። ዛሬ «ሐሰተኛ ዘጠኝ ቁጥር» የምንለው ይህ ነው። የማድሪድ የመሐል ተከላካዮች በሁለት አሳብ ተያዙ። ሜሲን ተከትለው ቢወጡ ከኋላቸው ባዶ ሜዳ ይከፈታል፤ ባሉበት ቢቆሙ ደግሞ ባርሴሎና በመሐል ሜዳ አንድ ሰው ይበልጣል።

ይህን ግጥሚያ ስንቱን ጊዜ እንዳየሁት አልቆጥረውም። ዘወትር የማየው ግን ኳሱን ነበር። ያላየሁትን ያሳየኝ ኮምፒዩተሩ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራና ውድቀቱ

በጨዋታው ላይ መካከለኛ አቅም ያለው አንድ ቡድን ያዝሁ። አራት ተከላካይ፣ ሦስት አማካይ፣ ሦስት አጥቂ አሰለፍሁ። ቅብብሉ አጭር፣ ፍጥነቱ ዝግ ያለ ይሁን አልሁ። ኳስ ከግብ ጠባቂው ተጀምሮ በቅብብል ይውጣ፤ ወደ ቅጣት ክልሉም እስኪገባ ድረስ ማንም ከሩቅ አይምታ ብዬ አዘዝሁ። ጨዋታው ለእያንዳንዱ ተጫዋች ከቦታው በተጨማሪ የመከላከል፣ የመደገፍ ወይም የማጥቃት ግዴታ ያሰጥ ነበር፤ እኔም ቅብብሉ እንዳይቋረጥ በማለት ለሦስቱ አማካዮችና ለሦስቱ አጥቂዎች፣ ለስድስቱም፣ የመደገፍ ግዴታ ሰጠኋቸው። ሁለቱ የመስመር ተከላካዮች ግን በአንድነት ወደ ፊት ይሂዱ አልሁ።

በኳስ ቁጥጥር በኩል ውጤቱ ያማረ ነበር። ከመቶ ስድሳ አምስት የሚሆነውን ጊዜ ኳስ በእኛ እጅ ነበረች። ቡድኔ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ኳስ ሲያንሸራሽር እያየሁ ልቤ በደስታ ተሞላ። ግጥሚያው ሲያልቅ ግን 1 ለ 0 ተሸንፈን እንገኛለን። በሚቀጥለው ሳምንት ያለ ግብ እኩል፤ ከዚያም እንደገና በአንድ መልሶ ማጥቃት ሽንፈት። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለም? እኔንም ያ የቁጥጥር ቁጥር እያሳሳቀ ወሰደኝ።

አንድ ነገር ልደብቃችሁ አልፈልግም። ስሸነፍ ጨዋታውን ዘግቼ፣ ከግጥሚያው በፊት ካስቀመጥሁት ቦታ ላይ እንደገና እጀምር ነበር። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ይህን የምነግራችሁ ወደ ኋላ ስለምመለስበት ነው።

ጥፋቱ የት ነበር?

በመጨረሻ ያደረግሁት ነገር ቀላል ነው፤ ግጥሚያውን ከላይ፣ ሁሉም ሰው በነጥብ መልክ በሚታይበት ገጽ፣ ኳሱን ትቼ ኳስ ያልያዙትን አሥር ሰዎች ብቻ ማየት ጀመርሁ። ሦስት ጥፋቶች ግልጽ ሆነው ታዩኝ።

አንደኛ፣ ሰው ሁሉ ወደ ኳስ ይመጣ ነበር። የመሐል አጥቂዬ ወደ ኋላ ሲመለስ የመስመር አጥቂዎቼም አብረውት ይመለሳሉ፤ አማካዮቹም እዚያው ናቸው። ከተከላካዮች ጀርባ የሚሮጥ አንድም ሰው አልነበረም። የተቃራኒው ተከላካይ የሚፈራው ነገር ስለሌለ አይወጣም፤ ስላልወጣም ቦታ አይከፈትም። ያን ጊዜ የማድሪዱን ግጥሚያ እንደገና ተመለከትሁ። ሜሲ ወደ ኋላ የተመለሰው ብቻውን አልነበረም፤ እርሱ በተመለሰ ጊዜ ኦንሪ ወይም ኤቶ ወደ ተከፈተው ቦታ ይሮጥ ነበር። ኦንሪ በዚያ ቀን ሁለት ግብ አስቆጥሯል። ሐሰተኛውን ዘጠኝ ቁጥር ዋጋ የሚሰጠው በእርሱ ፈንታ እውነተኛ የሚሆን ሌላ ሰው መኖሩ ነው።

ሁለተኛ፣ ዝግታው ለእኛ ሳይሆን ለተቃራኒው ጠቀመ። ኳስ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ዳር የሚተላለፈው ተቃራኒው ከተሰለፈበት እንዲናወጥ ነው። ቅብብሉ ከተከላካዩ እርምጃ የዘገየ እንደ ሆነ ግን ተከላካዩ ከኳሱ ጋር እኩል ይደርሳል። ቅብብል አጭር መሆኑና ቅብብል ዝግ ማለቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እኔ አንድ አድርጌ ቆጥሬአቸው ነበር።

ሦስተኛ፣ ኳስ ስትነጠቅ ምን እንደሚሆን አላሰብሁም። ሁለቱም የመስመር ተከላካዮች ስለ ወጡ፣ የመሐል ሜዳው ጠባቂም የመደገፍ ግዴታ ስለ ተሰጠው፣ ከኋላ የሚቀሩት ሁለት ተከላካዮች ብቻ ነበሩ። በባርሴሎና ቡድን ግን ዳኒ አልቬስ በቀኝ ወደ ፊት ሲወጣ በግራ ያለው ኤሪክ አቢዳል ብዙውን ጊዜ ይቆጠባል፤ ሰርጂዮ ቡስኬትስም ከተከላካዮቹ ፊት ይቀመጣል። ኳስ በተነጠቀች ጊዜ በአቅራቢያዋ ያሉት ተጫዋቾች በጥቂት ሰኮንዶች ውስጥ መልሰው ለመንጠቅ ይረባረባሉ። አጭር ቅብብል ሰዎችን እርስ በርስ ያቀራርባል፤ በመቀራረባቸውም ኳስ ሲያጡ ለመንጠቅ ቅርብ ናቸው። ስለዚህ በዚህ ስልት ማጥቃትና መከላከል በአንድ ክር የተሰፉ ናቸው፤ አንዱ ሲተረተር ሌላውም ይተረተራል።

ይህን ከተረዳሁ በኋላ ያደረግሁት ለውጥ ጥቂት ነው። ለግራ መስመር አጥቂው የማጥቃት ግዴታ ሰጥቼ፣ የመሐሉ አጥቂ በተመለሰ ጊዜ በእርሱ ቦታ እንዲገባ አደረግሁ። ከሁለቱ የመስመር ተከላካዮች አንዱን አስቀረሁ። የመሐል ሜዳውን ጠባቂ በቦታው አጸናሁ። የቅብብሉን ፍጥነት ጨመርሁ፤ ከሩቅ አትምቱ የሚለውን ትእዛዝ አነሣሁ፤ የተከላካዩን መስመር ወደ ፊት ገፋሁ፤ ኳስ እንደ ተነጠቀችም ጫና እንዲያደርጉ አዘዝሁ። የኳስ ቁጥጥራችን ከስድሳ አምስት ወደ ሃምሳ ስምንት ገደማ ወረደ። ግብ ግን በዛ። ያን ዓመት በኳስ ቁጥጥር ከቀድሞው እያነስን ከቀድሞው የበለጠ አሸነፍን።

የእውነተኛው ሜዳ ምስክርነት

ይህ በኮምፒዩተር ብቻ የሚታይ ነገር እንዳይመስላችሁ። ራሱ የጓርዲዮላ ባርሴሎና በአፕሪል 2010 በአውሮጳ ሻምፒዮኖች ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ኢንተር ሚላንን በሜዳው ሲገጥም፣ ኢንተር ገና በመጀመሪያው አጋማሽ አንድ ሰው በቀይ ካርድ ወጥቶበት በአሥር ሰው ተጫውቷል። ባርሴሎና አብዛኛውን ጊዜ ኳሱን ይዞ ቆየ፤ ያገኘው ግን አንድ ግብ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ግጥሚያ 3 ለ 1 ተሸንፎ ስለ ነበር በድምሩ 3 ለ 2 ተሸንፎ ወጣ። የስፔን ብሔራዊ ቡድን በ2018 የዓለም ዋንጫ ከሩሲያ ጋር ባደረገው ግጥሚያ ከሺህ በላይ ቅብብል አድርጎ 1 ለ 1 ተለያይቶ በፍጹም ቅጣት ምት ተሸነፈ። በ2022 ደግሞ ከሞሮኮ ጋር ያለ ግብ ተለያይቶ በፍጹም ቅጣት ምት 3 ለ 0 ወደቀ። በነዚህ ሁሉ ኳሱ ተይዟል፤ የተከላካዩ ሰላም ግን አልተነካም።

ስለዚህ በርእሴ ላይ ላነሣሁት ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። ኳስን መያዝ ለማጥቃት የሚሆን ቀለብ ነው፤ ማጥቃት ግን አይደለም። ኳስ የያዘ ቡድን አጠቃ የሚባለው፣ ተቃራኒውን በሁለት ክፉ ነገሮች መካከል እንዲመርጥ ባስገደደው ጊዜ ነው።

ቁጥር የሌላቸው ልጆች

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤ ንግግሬ በዚህ ቢያልቅ ለእኔ በቀለለኝ ነበር። ከዚህ በኋላ የሆነው ግን ከሁሉም ይበልጣል።

በጨዋታው ላይ ያገኘሁትን ይዤ ከአሥራ ሰባት ዓመት በታች ወደሆኑ ልጆች ቡድኔ ሄድሁ። አሰላለፉን አስረዳኋቸው፤ ማን ሲመለስ ማን እንደሚሮጥ በሰሌዳ ላይ ሣልሁላቸው። ልጆቹም በፍጥነት ገባቸው። ከመሐል ተከላካዮቼ አንዱ፣ ቁመቱ ረዘም ያለ ዝምተኛ ልጅ፣ ኳስን ከኋላ ጀምሮ የማውጣት ኃላፊነት ተሰጠው። በአንድ ግጥሚያ ላይ ከግብ ጠባቂው የተቀበላትን ኳስ በቅጣት ክልሉ አጠገብ ተነጠቀና ግብ ገባብን። እኔም ከዳር ሆኜ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ጮኽሁበት።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ልጁ አንድ ዘዴ አበጀ። ግብ ጠባቂያችን ኳስ በያዘ ቁጥር ቀስ ብሎ ከተቃራኒው አጥቂ ጀርባ ይቆማል። እንዲህ ከቆመ ኳስ ሊሰጠው የሚችል የለም። ኳስ ካልተሰጠው አይሳሳትም፤ ካልተሳሳተም አይጮኽበትም። እኔ ግን ይህን ሳላስተውል ሦስት ግጥሚያ አለፈ። በአራተኛው ሳምንት ከልምምድ ቀረ።

ፈልጌ አገኘሁት። ለምን እንደ ቀረ ስጠይቀው ለብዙ ጊዜ መሬት መሬቱን ካየ በኋላ፣ «ኮች፣ ኳስ ወደ እኔ ስትመጣ የሚታየኝ የጓደኞቼ ፊት ሳይሆን የእርስዎ ፊት ነው» አለኝ።

በኮምፒዩተሩ ላይ ቢሆን «እርጋታ» ከሚለው ቃል ጐን አንድ ቁጥር ተጽፎ እመለከት ነበር፤ ቁጥሩ ዝቅተኛ ቢሆን ሌላ ሰው እገዛ ነበር፤ ግጥሚያውም ቢበላሽ ዘግቼ እንደገና እጀምር ነበር። ይህን ልጅ ግን ዘግቼ እንደገና ልጀምረው አልችልም። እርጋታው ዝቅ ያለውም ከተፈጥሮው ሳይሆን ከእኔ ጩኸት የተነሣ ነው። በጨዋታው ላይ ያጣሁትን ስፈልግ ኳስ ያልያዙትን ሰዎች መመልከት ተምሬ ነበር፤ በእውነተኛው ሜዳ ላይ ግን ኳስ ያልያዘውን፣ ከሰው ጀርባ የተደበቀውን ልጅ ሳላየው ቀረሁ።

ልጁ ተመለሰ። እኔም ሥራዬን ከታች ጀመርሁ። ልጆቹ ሁሉ በየሠፈራቸው የሚያውቁትን «መሐል ባልገባ» የልምምዱ መጀመሪያ አደረግሁት፤ አራት ሰዎች በጠባብ ቦታ ሲቀባበሉ ሁለቱ መሐል ገብተው ይነጥቃሉ። ክራይፍም ይህንኑ ልምምድ በባርሴሎና የሥልጠናው መሠረት አድርጎት ነበር። በዚህ ጨዋታ የተሳሳተ ይስቃል እንጂ አያለቅስም፤ መሐል ይገባል፤ ነጥቆም ይወጣል። በግጥሚያ ላይ ደግሞ ያ ልጅ ኳስ ሲይዝ ቢያንስ ሦስት የሚቀበሉት ሰዎች በአጠገቡ እንዲኖሩ አደረግሁ። ለካ ድፍረት የሚባለው ነገር ግማሹ የሚቀበል ሰው ማግኘት ነው። በዚያ ዓመት ዋንጫ አላገኘንም። ልጁ ግን ከአጥቂው ጀርባ ወጣ።

መደምደሚያ

ከዚህ ተነሥቼ ሦስት አሳቦችን ለማኅበራችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ይህን የመሰለውን ጨዋታ አንናቅ። ዛሬ ወደ ሙያችን የሚመጡ ወጣቶች ብዙዎቹ ስለ አሰላለፍ መጀመሪያ የተማሩት ከዚህ ነው። በ2022 በሠላሳ ዓመት ዕድሜው የፈረንሳዩን ሬምስ ክለብ የያዘው ዊል ስቲል በልጅነቱ ይህን ጨዋታ ይጫወት እንደ ነበር በግልጽ ተናግሯል። ወጣቶቹን «መጫወቻ ነው» ብለን ከምናሳፍራቸው፣ «የመሐል አጥቂህ ሲመለስ ማን ይሮጣል? ኳስ ስትነጠቅ ማን ይቀራል?» ብለን ብንጠይቃቸው እነርሱም እኛም እንማራለን።

ሁለተኛ፣ የቡድኖቻችንን ሥራ በኳስ ቁጥጥር ቁጥር ብቻ አንመዝን። ኳስ ስንት ጊዜ ወደ ቅጣት ክልሉ እንደ ገባች፣ ከተነጠቀችም በኋላ በምን ያህል ጊዜ እንደ ተመለሰች መዝግበን እንያዝ። ለዚህ እርሳስና ወረቀት ይበቃል።

ሦስተኛና ዋነኛው፣ በልጆች ላይ ቁጥር አንጻፍ። በኮምፒዩተሩ መዝገብ ውስጥ ያለው ተጫዋች የሚነገረውን ሁሉ የሚያደርገው እስከ ቁጥሩ ድረስ ነው። የእኛ ልጅ ግን እንደምናየው ሁኔታ ከፍ ይላል፣ ዝቅም ይላል። ስልቱን ከጠረጴዛ ልንማረው እንችላለን፤ ልጁን ግን አጠገቡ ቆመን ካልሆነ ልናውቀው አንችልም።